የፎቶ መመርመሪያ መሣሪያዎች ምን ያሳያሉ? ምንስ አያሳዩም?

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ከኢትዮጵያ ድንበር አቅራቢያ በምትገኘው ባሱንዳ፣ በስልክ የሚደርስ ፎቶ የሚያስከትለው ነገር ቀላል አይደለም። በአካባቢው ለሰሊጥና ለማሽላ እርሻ ሥራ ድንበር የሚሻገሩ የቀን ሠራተኞች፣ ከጦርነት የሸሹ ስደተኞች፣ ነጋዴዎችና አርሶ አደሮች አሉ። የተቃጠለ መንደር ወይም የታጠቁ ሰዎች የሚታዩበት ምስል አንዱን ጉዞውን እንዲሰርዝ፣ ሌላውን ቤተሰቡን ይዞ እንዲሸሽ፣ ሦስተኛውን ደግሞ በጎረቤቱ ላይ ቂም እንዲይዝ ሊያደርገው ይችላል።

አካባቢው ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም የትግራይ ጦርነት ሲጀመር በወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሰደዋል። በዚያው ዓመት ክረምት በሺዎች የሚቆጠሩ የቅማንት ማኅበረሰብ አባላት ወደ ገዳሪፍ ግዛት ተሻግረዋል። በሰኔ 2014 ዓ.ም ደግሞ ሱዳን፣ ሰባት ወታደሮቿና አንድ ሲቪል ተገድለው አስከሬናቸው በአደባባይ ታይቷል ስትል ኢትዮጵያን ከሰሰች። ኢትዮጵያ በበኩሏ ክሱን አስተባብላ፣ ግጭቱ የተፈጠረው በግዛቷ ውስጥ በሱዳን ወታደሮችና በአካባቢ ታጣቂዎች መካከል ነው አለች። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት ሰዎችን በተቃራኒው አቅጣጫ፣ በገላባት በኩል ወደ መተማ አሻግሯል።

በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ፎቶዎች ከሰው ቀድመው ድንበር ሲሻገሩ ቆይተዋል። ከፎቶዎቹ ጋር "ተቀናብሯል" ወይም "እውነተኛ ነው" የሚሉ ክርክሮችም ይመጣሉ። ማንኛውም ሰው በነፃ የሚጠቀምባቸው የምስል መመርመሪያ ድረ ገጾች በመኖራቸው፣ ተከራካሪዎች ከአንዱ መሣሪያ ያገኙትን ባለቀለም ምስል እንደ ማስረጃ ማቅረብ ይቀናቸዋል።

ይሁንና የትኛውም መሣሪያ "ይህ ፎቶ እውነት ነው ወይስ ሐሰት?" ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። የሚመልሰው ከዚያ ጠበብ ያለ ጥያቄን ነው። ጥያቄውን ያላወቀ ተጠቃሚ መልሱንም በስህተት ያነበዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው እዚህም ይሠራል።

መሣሪያው በትክክል የሚያየው ምንድን ነው?

በስልክ የሚነሱና የሚላኩ ፎቶዎች በአብዛኛው የሚቀመጡት ጄፔግ በተባለው የፋይል ዓይነት ነው። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍልና ዓይን ብዙም የማይለየውን ዝርዝር እየጣለ መጠኑን ያሳንሰዋል። ፎቶው እንደገና በተቀመጠ ቁጥር ተጨማሪ ዝርዝር ይጠፋል።

ኢረር ሌቭል አናሊስስ ወይም የስህተት መጠን ትንተና የሚባለው ዘዴ በዚህ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ነው። መሣሪያው ፎቶውን በታወቀ የጥራት ደረጃ፣ ለምሳሌ በ95 በመቶ፣ እንደገና ያስቀምጥና በመጀመሪያውና በአዲሱ መካከል ያለውን ልዩነት በብርሃን መልክ ያሳያል። ብዙ የተለወጠው ክፍል ይደምቃል፤ ጥቂት የተለወጠው ይጨልማል። ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ነገር የተለየ የመጨመቅ ታሪክ ስላለው ከአካባቢው ተለይቶ ሊደምቅ ወይም ሊጨልም ይችላል።

ችግሩ ሌሎች ብዙ ነገሮችም የሚደምቁ መሆናቸው ነው። የዕቃዎች ጠርዝ፣ ጽሑፍ፣ ደማቅ ቀለምና ሸካራ ገጽ ምንም ሳይነካኩ ያበራሉ። በስደተኞች መጠለያ ላይ የተዘረጋ ነጭ ሸራ ብንወስድ፣ በሸራው ላይ በሰማያዊ የታተመው የእርዳታ ድርጅት ስም በትንተናው ላይ ቦግ ብሎ ይታያል፤ በዙሪያው ያለው ነጭ ገጽ ግን ይጨልማል። ይህን ያየ ሰው "ጽሑፉ በኋላ የተለጠፈ ነው" ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ ድምዳሜው ግን ስህተት ነው።

ትክክለኛው አነባበብ ተመሳሳዩን ከተመሳሳዩ ጋር ማነጻጸር ነው። ጠርዝ ከጠርዝ፣ ጽሑፍ ከጽሑፍ፣ ሣር ከሣር ጋር ይነጻጸራል። በአንድ ፎቶ ውስጥ ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ሸራዎች አንዱ ደምቆ ሌላው ከጨለመ ጥያቄ ማንሳት ተገቢ ነው። ያም ቢሆን ጥያቄ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

የተባዙ ክፍሎችን የሚፈልገው መሣሪያም የራሱ ወጥመድ አለው። ጭስ ለማብዛት ወይም ሕዝብ ለማስመሰል አንድ ክፍል ተቀድቶ በሌላ ቦታ ሲለጠፍ ሊያጋልጥ ይችላል። ነገር ግን በመስመር የተዘራ ማሽላ፣ የሣር ክዳንና የቆርቆሮ አጥር በተፈጥሯቸው የሚደጋገሙ በመሆናቸው መሣሪያው እነሱንም ተባዝተዋል ሊል ይችላል።

ባለሙያዎችም ተሳስተዋል

የዚህን ዘዴ አደገኛነት የሚያሳዩ ሁለት ታዋቂ ጉዳዮች አሉ። የመጀመሪያው በጋዛ በእስራኤል የአየር ጥቃት የተገደሉ ሕፃናትን የቀብር ጉዞ የሚያሳየው የስዊድናዊው ፖል ሃንሰን ፎቶ ነው። እአአ በ2013 የወርልድ ፕሬስ ፎቶን ከፍተኛ ሽልማት አገኘ። ከወራት በኋላ ፎቶፎረንሲክስ የተባለውን የመመርመሪያ ድረ ገጽ የመሠረተው አሜሪካዊው ኔል ክራዌትዝ፣ ፎቶው ከተለያዩ ምስሎች የተቀናበረ ነው የሚል ትንተና አወጣ። የውድድሩ አዘጋጆች ከካሜራው የወጣውን ጥሬ ፋይል ለገለልተኛ ባለሙያዎች ሰጡ። ከእነሱ አንዱ በዲጂታል ምስል ምርመራ የሚታወቁት ፕሮፌሰር ሃኒ ፋሪድ ነበሩ። ባለሙያዎቹ የፎቶው ቀለምና ብርሃን መስተካከሉን አረጋገጡ፤ ከሌላ ምስል የተለጠፈ ነገር ስለመኖሩ ግን ማስረጃ አላገኙም።

ሁለተኛው የማሌዥያ አየር መንገድ ኤምኤች17 ጉዳይ ነው። አውሮፕላኑ ሐምሌ 10/2006 ዓ.ም በምሥራቅ ዩክሬን ተመትቶ ሲወድቅ የተሳፈሩት 298 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። የሩሲያ መከላከያ ሚኒስቴር ከቀናት በኋላ የሳተላይት ምስሎችን አቀረበ። እአአ ግንቦት 2015 ቤሊንግካት የተባለው የምርመራ ቡድን ምስሎቹ ተነካክተዋል አለ። ለዚህ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ በፎቶፎረንሲክስ የተሠራ የስህተት መጠን ትንተና ነበር። ጀርመናዊው የምስል ምርመራ ባለሙያ የንስ ክሪሰ ለሽፒገል መጽሔት ሲናገሩ አካሄዱን የቡና አተላ አይቶ ከመጠንቆል ጋር አመሳሰሉት። ድረ ገጹን የሠራው ክራዌትዝም ትንተናው በአግባቡ አልተነበበም ሲል ራሱን አራቀ።

የታሪኩ ፍጻሜ ይበልጥ አስተማሪ ነው። እአአ በ2016 በአሜሪካ የሚድልበሪ ተቋም ተመራማሪዎች በሌላ የተራቀቀ ሶፍትዌር ምስሎቹን መርምረው በእርግጥም ተነካክተዋል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሱ። ትክክለኛ ድምዳሜ በደካማ ማስረጃ ሊቀርብ እንደሚችልና ደካማው ማስረጃም ለተቃዋሚ መሣሪያ እንደሚሆን ጉዳዩ ያሳያል።

ከእጅ ወደ እጅ ያለፈ ፎቶ

በጋዛውም ሆነ በዩክሬኑ ጉዳይ ባለሙያዎች የተከራከሩት የተሻለ ጥራት ባላቸው ፋይሎች ላይ ነበር። በድንበር አካባቢ የሚዘዋወር ፎቶ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዋትስአፕ፣ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ ያለፈ ነው። እነዚህ አገልግሎቶች ፎቶውን እንደተለመደው ሲልኩ መጠኑን ያሳንሱታል፤ እንደገና ይጨምቁታል። ብዙ ጊዜ የተላለፈ ወይም ስክሪንሾት የተደረገ ፎቶ ሁሉም ክፍሉ አንድ ዓይነት የመጨመቅ ታሪክ ስለሚይዝ ቀድሞ የነበረው ልዩነት ይደበዝዛል። ስለዚህ በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ላይ ትንተናው "ምንም አላየሁም" ቢል ፎቶው አልተነካካም ማለት አይደለም።

ሜታዳታ የሚባለው የተደበቀ መረጃም ይጠፋል። የስልክ ካሜራ ፎቶ ሲያነሳ የስልኩን ዓይነት፣ ቀንና ሰዓትን፣ አንዳንዴም ቦታውን ከፋይሉ ጋር ያስቀምጣል። ማኅበራዊ መገናኛዎች ይህን መረጃ በአብዛኛው ስለሚያስወግዱት፣ ሜታዳታ የሌለው መሆኑ ብቻውን ፎቶውን አያስጠረጥርም። መረጃው ቢኖርም በቀላል ሶፍትዌር ሊለወጥ ይችላል።

ስለሆነም የመጀመሪያው እርምጃ ፎቶውን ወደ መሣሪያ መጫን ሳይሆን የመጀመሪያውን ፋይል መፈለግ ነው። ፎቶውን ያነሳው ሰው ከተገኘ በዋትስአፕ እንደ ሰነድ ወይም በቴሌግራም እንደ ፋይል አድርጎ እንዲልከው መጠየቅ ይቻላል። በዚህ መንገድ የተላከ ፎቶ አይጨመቅም። ከዚያው ቦታ በተከታታይ የተነሱ ሌሎች ፎቶዎች ካሉም ከማንኛውም ባለቀለም ትንተና የበለጠ ይረዳሉ።

ያልተነካካ ፎቶ የሚያደርሰው ጉዳት

ፎቶን ተጠቅሞ ለማሳሳት ምስሉን መነካካት ሁልጊዜ አያስፈልግም። የቆየ ወይም የሌላ አገር ፎቶ ወስዶ አዲስ ጽሑፍ መጨመር ይበቃል። በትግራይ ጦርነት የመጀመሪያ ሳምንታት በሌሎች አገራት የተነሱ የጦርነት ፎቶዎች የዚያ ጦርነት ተደርገው ሲሰራጩ ነበር። እንዲህ ያለውን ፎቶ በስህተት መጠን ትንተና የመረመረ ሰው "አልተነካካም" የሚል መልስ ያገኛል። መልሱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የተጠየቀው ጥያቄ ትክክል አልነበረም።

ከዚህ የከፋም ተከስቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር ማዕረግ አማረ ጥቅምት 24/2014 ዓ.ም በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ፎቷቸውን የያዙና በሐሰት የሚወነጅሏቸው ጽሑፎች በፌስቡክ ተሰራጭተው ነበር። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም በናይሮቢ በሜታ ኩባንያ ላይ ክስ መሠረቱ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ዓ.ም ጉዳዩን የማየት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። በዚህ ጉዳይ ፎቶው የእሳቸው ነበር፤ አደጋው ያለው ከፎቶው ጋር በተጻፈው ውስጥ ነው። ይህን የሚያሳይ የፒክስል መመርመሪያ የለም።

በሱዳንም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በጥቅምት 2018 ዓ.ም የዳርፉሯ ኤል ፋሸር በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ስትወድቅ፣ የየል ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ጥናት ላቦራቶሪ በሳተላይት ምስሎች የጅምላ ግድያ ምልክቶችን ማየቱን ይፋ አደረገ። በዚያው ሰሞን ግን ከከተማዋ መውደቅ በፊት የተነሳ ሌላ የሳተላይት ምስል የግድያው ማስረጃ ተደርጎ በማኅበራዊ መገናኛ ተሰራጨ። የተሳሳተው ምስል ሲጋለጥ ግድያውን መካድ ለሚፈልጉ መነሻ ይሰጣል። ለእውነተኛ በደል የቀረበ ሐሰተኛ ፎቶ የሚጎዳው ተበዳዮቹን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው እርምጃ ፎቶው ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደሆነ ማየት ነው። ጎግል ሌንስ፣ ቲንአይ፣ ቢንግና ያንዴክስ ተመሳሳይ ምስሎችን ይፈልጋሉ። አንዱ ያላገኘውን ሌላው ሊያገኘው ስለሚችል ከአንድ በላይ መሞከር ያስፈልጋል። ፎቶውን ግራና ቀኙን ገልብጦ ወይም ዋናውን ክፍል ቆርጦ መፈለግም ጠቃሚ ነው። ፎቶው ተከሰተ ከተባለው ጉዳይ በፊት ወጥቶ ከተገኘ ክርክሩ በዚሁ ያበቃል። ካልተገኘ ግን አዲስ መሆኑ ተረጋገጠ ማለት አይደለም።

ቦታና ጊዜን ከምስሉ ማንበብ

ሦስተኛው እርምጃ ምስሉ የያዘውን መመልከት ነው። በገዳሪፍና በመተማ መካከል ያለውን አካባቢ ለሚያውቅ ሰው ብዙ ፍንጮች አሉ። የሱቅ ማስታወቂያው በዓረብኛ ነው ወይስ በአማርኛ? የተሽከርካሪው ሰሌዳ የየትኛው አገር ነው? ከበስተጀርባ የሚታየው የገዳሪፍ ሜዳ ነው ወይስ ተራራ? የተራራን ቅርጽ፣ የመንገድን መታጠፊያና የወንዝን አቅጣጫ ከጎግል ኧርዝ ምስሎች ጋር ማስተያየት ይቻላል።

ወቅቱም ይናገራል። የአካባቢው ጥቁር መሬት ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ ጭቃ ይሆናል፤ ማሳውም ይለመልማል። በበጋው ወራት ደግሞ መሬቱ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በመጋቢት ተነሳ በተባለ ፎቶ ላይ በዝናብ የበቀለ ለምለም ማሽላ ከታየ ቀኑ ሊጠረጠር ይገባል።

ጥላ የቀኑን ሰዓትና አቅጣጫን ለመገመት ይረዳል። ሰንካልክን የመሰሉ ድረ ገጾች በአንድ ቦታና ቀን ፀሐይ የት እንደምትሆን ያሳያሉ። እዚህ ላይ ከአውሮፓ የተቀዳ ደንብ ያሳስታል። በአውሮፓ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። የድንበሩ አካባቢ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ በቀትር ከአናት በስተሰሜን ትውላለች፤ ጥላም በትንሹ ወደ ደቡብ ይወድቃል።

ሰዓትም ጥንቃቄ ይሻል። ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም ወዲህ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ትቆጥራለች። በመተማ ያለ ምስክር "ጠዋት 3 ሰዓት" ሲል በስልክ አቆጣጠር 9 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ያው ቅጽበት በባሱንዳ 8 ሰዓት ይሆናል። ይህን ያላገናዘበ መርማሪ እውነተኛ ምስክርና እውነተኛ ፎቶ እርስ በርስ ይጋጫሉ ብሎ ሊጥላቸው ይችላል።

እውነተኛውን ፎቶ ሐሰት ማለት

መሣሪያን በስህተት መጠቀም ሐሰትን እውነት ከማስመሰል ባሻገር እውነትንም ሐሰት ያስመስላል። ይህኛው ጉዳት አንዳንዴ ይብሳል፤ ምክንያቱም የተበዳዮችን ምስክርነት ያጠፋል።

በትግራይ በማኅበረ ደጎ አቅራቢያ ያልታጠቁ ወንዶች ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በ2013 ዓ.ም ሲወጡ የኢትዮጵያ መንግሥት በማኅበራዊ ሚዲያ የሚወጡ ነገሮች እንደ ማስረጃ ሊወሰዱ አይችሉም ብሎ ነበር። ቢቢሲ አፍሪካ አይ፣ ቤሊንግካት፣ ሲኤንኤንና አምነስቲ ኢንተርናሽናልን ጨምሮ በርካታ አካላት ግን ቪዲዮዎቹን መረመሩ። ዋናው ማስረጃቸው የገደሉን ቅርጽና የተራራውን መስመር ከሳተላይት ምስሎችና ከመልክዓ ምድር ሞዴል ጋር ማስተያየት፣ እንዲሁም ጥላን ማንበብ ነበር። ውጤቱም ማንም ሰው ራሱ ደግሞ ሊያረጋግጠው የሚችል ነበር። ጥሩ ማስረጃ የሚለየው በዚህ ነው፤ አንባቢው እንዲያምን ብቻ ሳይሆን እንዲያመሳክር ያስችለዋል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የለወጠው ነገር

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠረ ምስል ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ ነገር ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የተለጠፈ ክፍልን የሚፈልጉ የቆዩ መሣሪያዎች ላያዩት ይችላሉ። የጣት ቁጥርን ወይም የተዛባ ጽሑፍን መፈተሽ አንዳንዴ ቢረዳም ቴክኖሎጂው በፍጥነት ስለሚሻሻል ብቻውን አያስተማምንም። ምስሉ በዚህ ዘዴ የተሠራበትን ዕድል በመቶኛ የሚነግሩ ድረ ገጾችም የተጨመቀና የደበዘዘ ፎቶ ሲሰጣቸው ሊሳሳቱ ይችላሉ።

አንዳንድ ኩባንያዎች ምልክት ማስቀመጥ ጀምረዋል። ጎግል እአአ በ2023 ይፋ ያደረገው ሲንዝአይዲ በኩባንያው መሣሪያዎች በተፈጠሩ ምስሎች ላይ ለዓይን የማይታይ ምልክት ያኖራል። ምልክቱ ከተገኘ ጠንካራ ማስረጃ ነው። አለመገኘቱ ግን ምስሉ በሌላ ኩባንያ መሣሪያ አልተሠራም ማለት አይደለም።

ሌላው ችግር ብዙ ጊዜ ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። የደበዘዘን ፎቶ "ለማጥራት" የሚያገለግሉ መተግበሪያዎች በካሜራው ያልተያዘውን የፊት ዝርዝር በግምት ይሞላሉ። በዚህ መንገድ "የጠራ" ፊት የሌላ ሰው ሊመስል ይችላል። በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ላይ ተመሥርቶ ሰውን መለየትም ሆነ መወንጀል አይገባም።

መርማሪው ማንን ለአደጋ ያጋልጣል?

የስደተኛን ፎቶ ወደ ማይታወቅ ድረ ገጽ መጫን ፎቶውን ለሌላ አካል መስጠት ነው። ፎረንሲካሊን የመሰሉ መሣሪያዎች ሥራቸውን በተጠቃሚው መፈለጊያ ውስጥ ስለሚያከናውኑ ፎቶው ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ሌሎች ግን በራሳቸው አገልጋይ ላይ ያስቀምጡታል። በመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ያለው የቦታ መረጃም ፎቶውን ያነሳውን ሰው መጠለያ ሊጠቁም ስለሚችል ለሌሎች ከማስተላለፍ በፊት መወገድ አለበት። ያልተነካካው ቅጂ ግን ለማስረጃ በጥንቃቄ መቀመጥ ይገባዋል።

በመጨረሻ የሚመጣው ውጤቱን በቃላት ማስቀመጥ ነው። "ተነካክቷል" ከማለት ይልቅ የትኛው ክፍል፣ በምን ማስረጃ እንደተባለ መግለጽ ያስፈልጋል። ብርሃኑ የተስተካከለ ወይም ጠርዙ የተቆረጠ ፎቶ ሁሉ የተጭበረበረ አይደለም። አንድ መሣሪያ ያመለከተውን ሌላ ራሱን የቻለ ማስረጃ ካልደገፈው ድምዳሜ ላይ መድረስ አይገባም። ማስረጃው ካልበቃ "ማረጋገጥ አልተቻለም" ማለት ሙሉ መልስ ነው።

ይህ መልስ ፎቶውን አይቶ ዛሬ ማታ ልሽሽ ወይስ ልቆይ ለሚል ሰው የሚያረካ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ውሳኔውን በአንድ ምስል ላይ ብቻ ሳይመሠርት፣ ተከሰተ በተባለበት ቦታ ለሚያውቀው ሰው ስልክ ቢደውል ከየትኛውም መሣሪያ ቀድሞ መልስ ሊያገኝ ይችላል። መልሱን እስኪያገኝ ድረስም ፎቶውን ለሌሎች አለማስተላለፍ በእሱ እጅ ያለ ነገር ነው።